በሁለት ሐይድ መካከል የሚታይ ደም፦ አክስታችን ያልነገሩን ነገር



ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ብዕር ስናነሳና ስንጥል ወራት አልፈዋል። ጉዳዩ የሴት ልጅ ገመና በመሆኑ አደባባይ ማውጣቱ አሳፍሮን ነበር። ይሁን እንጂ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአገራችንን አባባል በቤታችን በዓይናችን አይተነዋል። ዝም ብንል በዝምታችን የምትጎዳ እህት ልትኖር ትችላለችና በአላህ ተመክተን ጻፍነው።

እኛ ጎንደር ከተማ አዲስ ዓለም ተወልደን ያደግን ሦስት እህትማማቾች ነን። አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች የነጋዴና የሸማኔ መንደር ሆኖ የኖረ፣ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ሰፈር ነው። መተዋወቁ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ችግር አለበት። ጤና ጣቢያ በር ላይ የታየች ሴት ማታውኑ በሦስት ቤት ስሟ ይነሳል። እንግዲህ ሴቶቻችን ብዙውን ነገር በጉያቸው ይዘው የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የእናታችን ታላቅ እህት ዳባት ላይ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ዕቃ ሊገዙ ወደ ጎንደር ሲወርዱ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን እኛ ያኔ ልጆች ነበርን። አክስታችን ከእናታችን ጋር ለሶላት የማይቆሙባቸው ቀናት እየበዙ መምጣታቸውን አስተውለናል። ሌሊት ተነስተው ጨርቅ ሲያጥቡ፣ ያጠቡትንም ከሌላ ልብስ ሥር ደብቀው ሲያሰጡ አይተናል። ልጅ ነንና አልጠየቅንም። እናታችን ደግሞ ታላቋን መጠየቅ ድፍረት መስሎ ታያት።

አንድ ረመዳን አክስታችን ከወሩ ግማሽ ያህሉን ሳይጾሙ አሳለፉ። እናታችን በዚያን ጊዜ ጨከን ብላ ጠየቀቻቸው። «ዕድሜ ነው፤ ሊሄድ ሲል እንዲህ ያንጠባጥባል» ብለው ዘጓት። እውነትም አርባዎቹን ጨርሰው ስለነበር ነገሩ ተዋጠ። ያ ጠብታ ግን አልሄደም። ዓመት ካለፈው በኋላ የወገብ ሕመምና ክሳት ተጨመረበት፤ ያኔ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የማህፀን በር ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ከማህፀንም አልፎ ተሰራጭቷል። በዚያ ዘመን የጨረር ሕክምና በአገራችን የሚሰጠው አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎንደር በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘመድ ተረዳድቶ ወሰዳቸው፤ ሐኪሞቹም የቻሉትን አደረጉላቸው፤ ነገር ግን ዘግይተን ነበር የደረስነው። በ1996 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ከሁሉ በላይ ያልረሳነው ግን ሞታቸውን አይደለም። ከመሞታቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሸኽ ሊጠይቋቸው መጥተው ሳለ ስለዚያ ደም ነገሯቸው። ሸኹም ያ ደም ሐይድ እንዳልነበረና ሶላትን እንደማይከለክል በለሰለሰ አነጋገር አስረዷቸው። አክስታችን ሕመሙ ያላስለቀሳቸውን ያህል ያን ቀን አለቀሱ። «እናንተ ልጆች፣ ስንት ወር ሶላት እንደተውኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም» አሉን። ሸኹ አላህ ባለማወቅ ለሆነው ነገር መሐሪ መሆኑን ነግረው አጽናኗቸው። ያችን ለቅሶ ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አላወጣናትም።

እነሆ ዓመታት አለፉ፤ እኛም አግብተን ወለድን። ባለፈው ረመዳን የአፍጥር ሳምቡሳ ስንጠቀልል ታናሻችን ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ አልጾምኩም፤ አልሰገድኩም» አለችን። ከሐይዷ ከጠራች አሥራ አንድ ቀን ሆኗት ሳለ ጥቂት ጥቂት ደም እያየች ነው። ይህን የሰማችው እናታችን የያዘችውን ሊጥ አስቀምጣ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «እንደ እህቴ ነው፤ እንደዚያው ነው የጀመራት» አለች። ሦስታችንም ተያየን። በዚያች ሰዓት ሁለት ጥያቄ ከፊታችን ተደቀነ፦ ዲናችን ስለዚህ ደም ምን ይላል? ሐኪምስ ምን ይላል? ሁለቱንም በሩን አንኳኩተን ለመጠየቅ ወሰንን።

ሸሪዓው ምን ይለናል?

በመጀመሪያ የሄድነው የሴቶች ደርስ ወደምታስተምረን እህት ነው። ስናፍር አይታ ፈገግ አለችና አዒሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኗቸው ዓይን አፋርነታቸው ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው እንደሆነ አስታወሰችን። ከዚያም ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ደሙ እንደማይቆምላቸው ተናግረው ሶላት ይተዉ እንደሆነ የጠየቁበትን ሐዲስ ነገረችን። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያ ደም ከደም ሥር የሚወጣ እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ፣ ሐይዱ ሲመጣ ሶላት እንዲተዉ፣ የሐይዱ ልክ ሲያልፍ ታጥበው እንዲሰግዱ አስተማሯቸው። ኡሙ ሐቢባ ቢንት ጀሕሽም (ረ.ዐ) እንዲህ ያለው ደም ሰባት ዓመት ቆይቶባቸዋል። እንግዲህ ይህ ነገር በእኛ የተጀመረ ወይም የሚያሳፍር አይደለም። ከሐይድና ከወሊድ ደም ውጭ ያለው ይህ ደም ኢስቲሓዷ ይባላል።

መምህራችን ለታናሻችን ያቀረበችላት የመጀመሪያ ጥያቄ «የጠራሽበት ጊዜ ስንት ቀን ነው?» የሚል ነበር። በሻፊዒይም ሆነ በሐነፊይ መዝሀብ በሁለት ሐይዶች መካከል ያለው የጥራት ጊዜ ቢያንስ አሥራ አምስት ቀን ነው። ሐይዱ ራሱ ደግሞ በሻፊዒይ ከአሥራ አምስት፣ በሐነፊይ ከአሥር ቀን አይበልጥም። የታናሻችን ሐይድ ስድስት ቀን ይቆያል፤ ደሙ ተመልሶ የታያት ከጠራች በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ስለዚህ ኢስቲሓዷ ነው፤ ጾሙንም ሶላቱንም መተው አልነበረባትም። አራቱን ቀን ጾም ቀዷእ ልታወጣ፣ ያመለጣትን የአራት ቀን ሶላትም ልትከፍል ተነገራት።

በኢስቲሓዷ ያለች ሴት ትሰግዳለች፤ ትጾማለች፤ ቁርኣኗንም ትቀራለች። ደሙ ዉዱእ ያፈርሳልና ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አድርጋ ዉዱእ ታደርጋለች። የማያቋርጥ ከሆነባት የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ዉዱእ አድርጋ ሳትዘገይ ትሰግዳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው አይጎዳትም። ከጠራች በኋላ የምታየውን ቢጫ ወይም ደፍረስ ያለ ፈሳሽ በተመለከተም ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) በነቢዩ ዘመን እንደ ሐይድ ይቆጥሩት እንዳልነበር አስተላልፈዋል። ሆኖም የእያንዳንዷ ሴት ልማድ የተለያየ ነው፤ መዝሀቦቹም በዝርዝሩ ይለያያሉ። ስለዚህ የራስሽን ቀን ቆጥረሽ የምታምኚውን ዓሊም መጠየቅ የግድ ነው። አክስታችን ከጎዷቸው ነገሮች አንዱ አለመጠየቃቸው ነበር።

ሐኪሞች ስለ ምክንያቱ ምን ይላሉ?

በማግስቱ ታናሻችንን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። የተቀበለችን ነርስ ከሁሉ አስቀድማ «የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ?» አለቻት። እህታችን የሦስት ወሩን መርፌ ከጀመረች ገና ሁለተኛዋ ነበር። ነርሷም የእርግዝና ምርመራ አድርጋ፣ ሌሎች ምልክቶችንም ጠይቃ ምክንያቱ መርፌው እንደሆነ ነገረችን። እናታችን ሌሊቱን ሙሉ ያሳደራትን ድንጋጤ ያን ጊዜ ተነፈሰች። ነርሷ በዚያው ካስረዳችንና ኋላም ከተማርነው የሚከተለውን እናካፍላችኋለን።

አንደኛው ምክንያት ይኸው የወሊድ መከላከያ ነው። በአገራችን ባለትዳር ሴቶች ዘንድ ከሁሉ በላይ የተለመደው የሦስት ወሩ መርፌ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ጥቂት ደም ማሳየቱ የታወቀ ነው፤ ቆይቶም ሐይዱን ጨርሶ ሊያስቀር ይችላል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም በማንኛውም ጊዜ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ሉፕ በገባ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራትም እንዲሁ ይታያል። እንክብል የምትወስድ ሴትም አንድ ሁለት ቀን ከረሳች ደም ታያለች። ይህ ብዙውን ጊዜ አደጋ አይደለም። ካስቸገረ ግን በራስ ፈቃድ ከማቋረጥ ይልቅ ባለሙያ አማክሮ መለወጥ ይቻላል።

ሁለተኛው የእንቁላል መውጣት ነው። የሚቀጥለው ሐይድ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው እንቁላል ከቋቱ ይወጣል። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሴቶች ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጥቂት ቀላ ያለ ነገር ያያሉ፤ ሆዳቸውንም በአንድ ጎን ቆንጠጥ ያደርጋቸዋል። ይህ የተፈጥሮ ነው።

ሦስተኛው እርግዝና ነው። ፅንሱ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሲያያዝ፣ ማለትም ሐይድ ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ጊዜ አካባቢ፣ ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። ብዙ ሴቶች ሐይዳቸው ቀንሶ የመጣ ይመስላቸዋል። ደሙ የውርጃ መጀመሪያም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል መተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ሲያዝ ነው። በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም፣ ማዞርና ራስን መሳት ካለ ያች ሴት በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት። ቱቦው ከፈነዳ ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነውና በውጭ የምታየው ጠብታ ጥቂት መሆኑ ሊያታልላት አይገባም።

አራተኛው የማህፀን በርና የብልት አካባቢ ኢንፌክሽን ነው። ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና ትኩሳት አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። በግንኙነት የሚተላለፍ ከሆነ ባልም አብሮ መታከም አለበት። ሚስት ብቻዋን ብትታከም በሽታው ተመልሶ ይይዛታል።

አምስተኛው በማህፀን ውስጥ የሚበቅል እጢና በማህፀን በር ላይ የሚንጠለጠል ፖሊፕ የሚባል ትንሽ ሥጋ ነው። አብዛኛዎቹ ካንሰር አይደሉም፤ ነገር ግን ደም ያበዛሉ፤ ደም ማነስም ያመጣሉ።

ስድስተኛው የሆርሞን መዛባት ነው። ሐይድ ያየች ልጃገረድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት፣ ወደ ማረጥ የቀረበች ሴትም በአርባዎቹ መጨረሻ ቀኗ ሊዘበራረቅ ይችላል። ከባድ ጭንቀት፣ ረሃብና በአንድ ጊዜ መክሳት እንዲሁ ያዛባሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ሸሽተው እኛ ቤት ካረፉት ዘመዶቻችን መካከል ለወራት ሐይዳቸው የጠፋና በየመካከሉ ደም ያዩ ነበሩ። በደጋው አገራችን ደግሞ በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት የቆየ ችግር ነው። የእንቅርቱ እጢ ሥራ ከተዛባ የሐይድ ቀንም ይዛባል። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም የሚመከረውም እጥረቱን ለመከላከል ነው።

ሰባተኛው አክስታችንን የወሰደው የማህፀን በር ካንሰር ነው። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኘው ይኸው ነው። መነሻው በሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በአብዛኛዎቹ ሴቶች ላይ በራሱ ይጠፋል፤ በጥቂቶቹ ግን ቆይቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ይለወጣል። እነዚህ ዓመታት የአላህ እዝነት ናቸው፤ ለመርመርና ለማከም ጊዜ ይሰጡናል። ከባልና ሚስት ግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ እንዲሁም ሐይዷ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ከቆመላት ሴት የሚታይ ማንኛውም ደም፣ አንዲት ጠብታ ብትሆንም፣ «ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ታላቃችን ያገኘችው

ነርሷ ይህን ስታስረዳ ታላቃችን ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ልንወጣ ስንነሳ «እኔም አንዳንዴ ከግንኙነት በኋላ ጥቂት አያለሁ» አለች። ለእኛም ለእህቶቿ ተናግራ አታውቅም። ያ ሁሉ የአክስታችን ታሪክ እያለ በአንድ ቤት ውስጥ ዝምታው ቀጥሎ ነበር ማለት ነው!

ነርሷ ቅድመ ካንሰር ምርመራ ወደሚሰጥበት ክፍል ወሰደቻት። የምትመረምር ሴት ባለሙያ እንድትሆን ጠየቅን፤ ተፈቀደልን። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። በማህፀን በር ላይ ከኮምጣጤ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አሲድ በጥጥ ይቀባል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። የታላቃችን ላይ ትንሽ ነጭ ቦታ ታየ። ያኔ እጇ ሲቀዘቅዝ እኛም ጉልበታችን ከዳን። ባለሙያዋ ግን ይህ ካንሰር ሳይሆን ካልታከመ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ለውጥ መሆኑን አስረዳችን። በዚያኑ ቀን በቅዝቃዜ አከመችው። ውኃ መሰል ፈሳሽ ለጥቂት ሳምንታት እንደሚኖር፣ ለአራት ሳምንት ከግንኙነት መቆጠብ እንዳለባት፣ ከዓመት በኋላም ተመልሳ መታየት እንደሚገባት ነገረቻት። ስንወጣ የዙህር አዛን እየተሰማ ነበር። ባለሙያዋንም «አላህ ይስጥሽ» ብለን መርቀን ወጣን።

ይህ ምርመራ በአገራችን በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ደግሞ ቀደም ብለው እንዲጀምሩ ይመከራል። ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የኤች ፒ ቪ ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል። የተጀመረውም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። የታላቃችን ልጅ ክትባቱን ወስዳለች። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ለእናቶች፣ ለልጃገረዶችና ለባሎች

እህታችን ሆይ! ከሁሉ በፊት ቀንሽን ቆጥረሽ ያዢ። እኛ ሙስሊሞች ወራችንን በጨረቃ እንቆጥራለንና ይህ አይከብደንም። ሐይድሽ የጀመረበትንና የጠራሽበትን ቀን፣ በመካከል ደም ካየሽ ብዛቱን፣ ቀለሙንና ሕመም መኖሩን በትንሽ ደብተር ጻፊ። ይህችው ደብተር ለዓሊሙም ለሐኪሙም መልስ ትሰጣለች። ነፍሰ ጡር ሆነሽ ደም ካየሽ፣ ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳትና የበረታ የሆድ ሕመም ካለ ቀን አትቁጠሪ፤ ወዲያው ሂጂ። ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ወር ያህል ከተደጋገመም ተመርመሪ። በገጠር ያላችሁ እህቶች መጀመሪያ ወደ ጤና ኬላ ሂዱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶች ናቸውና ገመናችሁን ለሴት ትናገራላችሁ። ሴት ሐኪም ባትገኝ እንኳ ለሕክምና ግድ ሲሆን በወንድ ሐኪም መታየትን ዑለማኦች ፈቅደዋል።

እናቶች ሆይ! ልጆቻችሁ ሐይድ ከማየታቸው በፊት ሐይድና ኢስቲሓዷ ምን እንደሆኑ አስተምሯቸው። ልጅቷ ከጓደኛዋ ሰምታ ሶላቷን ከምትተው ከእናቷ ተምራ ብትሰግድ አይሻልምን?

ባሎችና አባቶች ሆይ! ሚስትህ «ሐኪም ቤት ልሂድ» ስትልህ ለምን ብለህ አታፋጥጣት። ከዳባት፣ ከደባርቅ ወይም ከወገራ ወደ ጎንደር ለመውረድ የትራንስፖርት ገንዘብና ልጆቹን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል። የአክስታችን ባል ቸርና ደግ ሰው ነበሩ፤ ቢያውቁ ኖሮ ሱቃቸውን ሸጠው ያሳክሟቸው ነበር። ነገር ግን አልጠየቁም፤ አክስታችንም አልነገሯቸውም።

ታናሻችን ያን ረመዳን የቀሩትን ቀናት ጾማ ጨረሰች፤ አራቱን ቀን ቀዷእም በሸዋል አወጣች። ታላቃችን የዓመት ቀጠሮዋን እየጠበቀች ነው። እናታችን ደግሞ አሁን ወደ ቤታችን የምትመጣን ሴት ሁሉ ቡና እያቀረበች «አንቺስ፣ ተመርምረሻል?» ትላለች። አንዳንዶቹ አፍረው ይስቃሉ። እሷ ግን አትስቅም።

አላህ (ሱ.ወ) አክስታችንን በጀነት ያኑርልን፤ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክ፤ ለእኛም ከሚጎዳ ሐፍረት ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።